ፖለቲከኛ ዳኛ ሲሆን፦ የሳንድራ ደይ ኦኮነር መንገድና የውለታ ጥያቄ

በአሜሪካ ዜግነት አግኝተው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሚሰጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን አንድ ነገር ግር ይላቸዋል። ከፕሬዚዳንቱ፣ ከሴናተሩና ከከንቲባው ስም በታች የዳኞች ስም ተደርድሮ ያገኛሉ። ዳኛ ይሾማል እንጂ ይመረጣል እንዴ? ግራ መጋባቱ እዚያ ላይ አያበቃም። የእጩውን ታሪክ ሲያዩ ሰውዬው ትናንት የግዛቱ ምክር ቤት አባል ነበር። ፓርቲ ነበረው። ድምፅ ለማግኘት ቤት ለቤት ዞሯል። አሁን ደግሞ ካባ ለብሶ ሊፈርድ ነው።

ጥያቄው ሰሞነኛም ነው። በኖቬምበር 2024 የአሪዞና መራጮች ዳኞችን በድምፃቸው የማሰናበት መብታቸውን የሚያጠብ ሐሳብ ቀርቦላቸው ነበር። በኤፕሪል 2025 በዊስኮንሲን ለአንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር በተካሄደ ምርጫ እጩዎቹና ደጋፊዎቻቸው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል። ይህን የሰማ ሰው ፍርድ ቤት ከፖለቲካ በምን ይለያል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት አስተያየቶች ጎልተው ይሰማሉ። አንዱ “ፖለቲከኛ ምንጊዜም ፖለቲከኛ ነው፣ ካባ አይለውጠውም” ይላል። ሌላው “ሕግ ያወጣ ሰው ሕግ ለመተርጎም ማን ይበልጠዋል?” ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም የሚያዩት ሰውዬው ከየት እንደመጣ ነው። ይበልጥ መታየት ያለበት ሌላ ነው። ወንበሩን ማን ሰጠው? ማንስ ሊነጥቀው ይችላል? በአማርኛ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ቃል አለን፤ ውለታ። ዳኛው የማን ውለታ አለበት?

ይህን ለማየት ከሳንድራ ደይ ኦኮነር የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ጠበቃ ነበሩ። የአሪዞና ግዛት ሴናተር ነበሩ። ከዚያ ዳኛ ሆኑ፤ በመጨረሻም በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሦስት የዳኝነት ወንበሮችን የያዙት ደግሞ በሦስት የተለያዩ መንገዶች ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራ ያጣችው ጠበቃ

ኦኮነር በ1930 በቴክሳስ ኤል ፓሶ ተወለዱ። ያደጉት ግን በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ በነበረው የቤተሰባቸው የከብት እርባታ ነው። ሌዚ ቢ ይባላል። በልጅነታቸው መጀመሪያ መብራትም የቧንቧ ውሃም አልነበረውም።

በ1952 ከስታንፎርድ በሕግ ተመረቁ። ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ የሆኑት ዊሊያም ሬንኩዊስት የክፍል ጓደኛቸው ነበሩ። ውጤታቸው ከፍተኛ ነበር። ሥራ ግን ጠፋ። የጥብቅና ድርጅቶች ሴት ጠበቃ አንቀጥርም አሉ። አንድ ድርጅት ያቀረበላቸው የጸሐፊነት ሥራ ነበር። በመጨረሻ በካሊፎርኒያ ሳን ማቴዮ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ገቡ፤ መጀመሪያ ላይ ያለ ደመወዝ።

ከባለቤታቸው ጋር ጀርመን ቆይተው ወደ አሪዞና ሲመለሱ፣ ፊኒክስ ዳርቻ ባለ የገበያ ማዕከል ውስጥ ከሌላ ጠበቃ ጋር ትንሽ ቢሮ ከፈቱ። ሦስት ወንዶች ልጆች ሲወልዱ ለአምስት ዓመት ያህል ሥራ አቆሙ። በ1965 በግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተመለሱ።

በ1969 በአሪዞና ሴኔት አንድ ወንበር ሲለቀቅ ተተክተው ገቡ። በ1970 እና በ1972 በሕዝብ ድምፅ ተመረጡ። በ1973 የአብላጫው ፓርቲ መሪ ሆኑ። በአሜሪካ በማንኛውም ግዛት ሴኔት ይህን ቦታ የያዘች ሴት ከዚያ በፊት አልነበረችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። “የግዛት ሕግ አውጪ” ሲባል ዋሽንግተን ያለው ኮንግረስ አይደለም። እያንዳንዱ ግዛት፣ እዚህ ስቴት የምንለው፣ የራሱ ምክር ቤት አለው። የአሪዞና ሴኔት 30 አባላት ብቻ ናቸው ያሉት። በብዙ ግዛቶች የምክር ቤት አባልነት የሙሉ ጊዜ ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ አባላቱ የቀድሞ ሙያቸውን ይዘው ይቀጥላሉ። ከእነሱም ብዙዎቹ ጠበቆች ናቸው። ከምክር ቤት ወደ ችሎት የሚወስደው መንገድ የተለመደ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዣን ቶል በሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት ከአሥር ዓመት በላይ አገልግለው በ1988 ወደ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገቡ፤ ኋላም ዋና ዳኛ ሆኑ። እንዲህ ያለ ታሪክ በየግዛቱ አለ።

ነጠላ ሰረዝ የሚያስጨንቀው ሥራ

ኦኮነር በሴኔት ሳሉ የሚታወቁት በጥንቃቄያቸው ነው። በአንድ ወቅት አንድ ረቂቅ ሕግ ውስጥ የጎደለች ነጠላ ሰረዝ እንድትገባ ብቻ የማሻሻያ ሐሳብ አቅርበዋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ውል ወይም ሕግ አንብቦ የተከራከረ ሰው አንዲት ሰረዝ ትርጉም እንደምትገለብጥ ያውቃል።

ትልልቅ ሥራዎችም ነበሩ። በዚያን ጊዜ የአሪዞና ሕግ ሴት ሠራተኞች በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። ለጥበቃ ተብሎ የወጣ ቢሆንም ሴቶችን ከተሻለ ሥራ ያስቀር ነበር። የባልና ሚስትን የጋራ ንብረት የማስተዳደር ሥልጣንም የባል ነበር። ሁለቱም እንዲለወጡ ሠርተዋል። የሴቶችን እኩልነት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ለማስፈር የቀረበውን ማሻሻያ መጀመሪያ ደግፈው ነበር። አሪዞና ላይ መንገዱ ሲዘጋ ግን ጉልበታቸውን የግዛቱን ሕጎች አንድ በአንድ ወደ ማሻሻል አዞሩ። ይህ ጠባያቸው ኋላ በፍርዶቻቸውም ይታያል።

ለጉዳያችን ዋናው ግን ሌላ ነው። በሴኔት ሳሉ ዳኞች የሚመጡበት መንገድ እንዲለወጥ ከገፉት አንዷ ነበሩ። አሪዞና ዳኞችን በምርጫ ነበር የምታመጣው። በ1974 ለሕዝብ የቀረበው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይህን ለይግባኝና ለጠቅላይ ፍርድ ቤቶች፣ እንዲሁም ትልልቅ ከተሞች ላሉባቸው ካውንቲዎች ለወጠው። አዲሱ ሥርዓት በብቃት ምልመላ ይባላል። ጠበቆችና ተራ ዜጎች ያሉበት ኮሚሽን አመልካቾችን ያጣራል። ቢያንስ ሦስት ስም ለአገረ ገዢው ያቀርባል፤ ስሞቹ ሁሉ ከአንድ ፓርቲ መሆን አይችሉም። አገረ ገዢው ከእነሱ አንዱን ይሾማል። የተሾመው ዳኛ ከጊዜ በኋላ ያለ ተፎካካሪ ለሕዝብ ይቀርባል። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ዳኛ ይቆይ ወይስ አይቆይ? ይህ የማቆያ ድምፅ ይባላል።

ሦስት በሮች

የሚገርመው፣ ኦኮነር ራሳቸው የገቡት በሚዘጋው በር ነው። በዚያው በ1974 ለማሪኮፓ ካውንቲ ሱፒሪየር ኮርት ተወዳደሩ። ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ጉዳዮችን የሚያይ የግዛት ፍርድ ቤት ነው። በሕዝብ ድምፅ አሸነፉና በ1975 ችሎት ላይ ተቀመጡ። ቅስቀሳ አድርገው፣ ሌላ ሰው አሸንፈው የያዙት ወንበር ነው። ይህን አልደበቁም። በኋላ ዳኞችን በምርጫ ማምጣትን ሲቃወሙ የሚናገሩት ሂደቱን ከውስጥ አውቀውት ነው።

ሁለተኛው በር በ1979 ተከፈተ። የዴሞክራቱ አገረ ገዢ ብሩስ ባቢት ለአሪዞና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሾሟቸው። ኦኮነር ሪፐብሊካን ናቸው፤ እንዲያውም ፓርቲያቸው በ1978 ለአገረ ገዢነት እንዲወዳደሩ ጎትጉቷቸው እምቢ ብለው ነበር። የተቃራኒ ፓርቲ መሪ የቀድሞዋን የሴኔት አብላጫ መሪ ሾመ ማለት ነው። ውለታ የሚለውን ጥያቄ እዚህ ብንጠይቅ መልሱ ቀላል አይሆንም። የባቢት ደጋፊ አልነበሩም። ፓርቲያቸውም አልሾማቸውም። ሥርዓቱ የታሰበው ለዚህ ነበር፤ ውለታውን ለመበተን።

ሦስተኛው በር ትልቁ ነው። ሮናልድ ሬገን በ1980 ሲወዳደሩ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴት እንደሚያጩ ቃል ገብተው ነበር። በጁላይ 1981 ኦኮነርን አጩ። ከዚያ በፊት በፍርድ ቤቱ 101 ሰዎች አገልግለዋል፤ ሁሉም ወንዶች። የሕግ አውጪነት ታሪካቸው ወዲያውኑ ተመዘዘ። በ1970 በአሪዞና ሴኔት ኮሚቴ ውስጥ የግዛቱን የፅንስ ማቋረጥ ክልከላ ለማንሳት በቀረበ ረቂቅ ላይ የሰጡት ድምፅ ተነሳ። ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወሙ ቡድኖች ሹመቱን ተቃወሙ። ኦኮነር በግላቸው ድርጊቱን እንደማይደግፉ ተናገሩ። ወደፊት በሚመጣ ጉዳይ እንዴት እንደሚፈርዱ ግን ለመናገር አልፈቀዱም። የአሜሪካ ሴኔት 99 ለ0 አጸደቃቸው።

ይህ ሦስተኛው ወንበር ከሁለቱ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ዕድሜ ልክ ነው። ሬገን ሊያነሷቸው አይችሉም። ሴኔቱም በከባድ ጥፋት ካልሆነ አያነሳቸውም። ለድጋሚ ምርጫ ገንዘብ አይሰበስቡም። የውለታ ሒሳቡ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘብ ሲገባ

ወንበሩ በምርጫ የሚገኝ፣ በምርጫም የሚጠፋ ሲሆን ምን ይፈጠራል? ከዌስት ቨርጂኒያ የመጣው ጉዳይ በደንብ ያሳያል። አንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ከተራ ዜጎች በተውጣጣ ጁሪ ተፈረደበት። ይግባኙ ወደ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት የ2004 ምርጫ መጣ። የኩባንያው ኃላፊ ለአንድ እጩ መመረጥ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ። እጩው አሸነፈ። ኩባንያው ይግባኙን ይዞ ሲቀርብ ተከራካሪው ወገን “ይህ ዳኛ ከችሎት ይነሳልኝ” አለ። ዳኛው እምቢ አለ። ፍርዱ በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ 3 ለ2፣ ተሻረ።

በ2009 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ዳኛው መነሳት ነበረበት ብሎ ወሰነ። ጉቦ ተበላ ያለ ሰው የለም። ዳኛው ከልቡ ሕጉን ተከትሎ ሊሆን ይችላል። ግን ከተራ ዜጋ ጫማ ሆነን እንየው። ባላጋራህ ዳኛውን ወንበሩ ላይ ለማስቀመጥ ሦስት ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ፣ አንተ እዚያው ዳኛ ፊት ቆመህ ፍትሕ ትጠብቃለህ? ይሉኝታ የሚባለው ነገር በገንዘብ መጠን ሲለካ እንዲህ ያስፈራል።

ልብ በሉ፣ ችግሩ የመጣው ዳኛው ፖለቲከኛ ስለነበረ አይደለም። ወንበሩ በገንዘብ ስለተደገፈ ነው። የምክር ቤት አባል ያልነበረ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጠበቃ የነበረ ሰው እዚያው ወጥመድ ውስጥ ይገባል።

ኦኮነር ራሳቸው በዚህ ነገር ውስጥ እጃቸው አለበት፤ ይህን መዝለል ተገቢ አይሆንም። ሚኒሶታ ለዳኝነት የሚወዳደሩ እጩዎች አከራካሪ በሆኑ የሕግና የፖለቲካ ጉዳዮች ላይ አቋማቸውን እንዳይናገሩ የሚከለክል ደንብ ነበራት። በ2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደንቡን 5 ለ4 ሻረው፤ የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ብሎ። ኦኮነር ከአምስቱ አንዷ ነበሩ። በጨመሩት የራሳቸው ጽሑፍ ላይ የሰነዘሩት ሐሳብ ጠንካራ ነው። ሚኒሶታ ስለ ዳኞቿ ገለልተኝነት ከሰጋች፣ ችግሩን በአብዛኛው በራሷ ላይ ያመጣችው ዳኞችን በሕዝብ ምርጫ በማምጣቷ ነው አሉ። ከፍርዱ በኋላ የዳኝነት ምርጫ ቅስቀሳ ከሌላው የፖለቲካ ቅስቀሳ እየተመሳሰለ መጣ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያ ውሳኔ እንደሚከነክናቸው በአደባባይ ተናግረዋል።

ልምዱ በፍርድ ላይ ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት አስተያየቶች እንመለስ። ሕግ ያወጣ ሰው የተሻለ ዳኛ ይሆናል? ደጋፊዎች የሚሉት ይህ ነው። ሕግ በድርድር ነው የሚወጣው። አንድ ዐረፍተ ነገር አሻሚ የሆነው አንዳንዴ ረቂቁን ያዘጋጁት ስላልተስማሙ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ዳኛ ሕጉን ሲያነብ ከሰማይ እንደወረደ አያየውም። በተጨማሪም ፍርዱ መሬት ላይ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል፤ በጀት ማን እንደሚይዝ፣ ደንብ ማን እንደሚያስፈጽም።

ኦኮነር በ1992 በጻፉት አንድ ውሳኔ ይህ በግልጽ ይታያል። ኮንግረስ ግዛቶች የራዲዮአክቲቭ ቆሻሻን በተመለከተ ሕግ እንዲያወጡ፣ ካላወጡ ቆሻሻውን በራሳቸው ባለቤትነት እንዲረከቡ አስገድዶ ነበር። ኦኮነር ኮንግረስ የግዛት ምክር ቤቶችን እንደ ታዛዥ ሊያዛቸው አይችልም ብለው ጻፉ። ምክንያታቸው ከምክር ቤት ወንበር የመጣ ይመስላል። ዋሽንግተን አዝዞ ግዛቱ ከፈጸመው፣ ሕዝቡ በማን ላይ መቆጣት እንዳለበት አያውቅም። ተወቃሹ የአካባቢው ተመራጭ ይሆናል፤ ያዘዘው ግን ሌላ ነው። ይህን ስሜት የአዳራሽ ስብሰባ ላይ ቆሞ የተጮኸበት ሰው ያውቀዋል።

ተቺዎችም አሏቸው፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። የሕግ አውጪ ችሎታ መሐል መንገድ መፈለግ ነው፣ ዳኛ ግን መርህ አስቀምጦ መሄድ አለበት ይላሉ። ኦኮነር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርዱት ከፊታቸው ላለው ጉዳይ ብቻ የሚሆን ጠባብ ፍርድ ነበር። በ1992 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በጻፉት የፅንስ ማቋረጥ ውሳኔ መብቱን አጸኑ፤ ግዛቶች ግን “ተገቢ ያልሆነ ሸክም” እስካልጫኑ ድረስ እንዲቆጣጠሩ ፈቀዱ። ሸክሙ ከየት ጀምሮ ነው ተገቢ የማይሆነው? የሥር ፍርድ ቤቶች ለሠላሳ ዓመት ተከራከሩበት። በ2022 ፍርዱ ራሱ ተሻረ። በ2003 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በቅበላ ጊዜ ዘርን ከግምት ማስገባት ይችላሉ ብለው ጻፉ፤ ከ25 ዓመት በኋላ ግን ይህ አያስፈልግም ብለው እንደሚጠብቁ ጨመሩ። ቀን የሚቆርጥ ዳኛ ሳይሆን ሕግ አውጪ ነው። ያም ውሳኔ 25 ዓመት አልሞላም፤ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሩን ዘጋው።

እኔ ተቺዎቹ ስለ ስልቱ የሚሉት ሚዛን ይደፋል ብዬ አስባለሁ፤ ግን ከዚህ ተነስቶ የቀድሞ ሕግ አውጪ ዳኛ አይሁን ማለት ይከብደኛል። ኦኮነር በ2006 ጡረታ ከወጡ ወዲህ በዚያ ፍርድ ቤት በሕዝብ የተመረጠ ሥልጣን ይዞ የሚያውቅ ሰው አልተቀመጠም። በ1954 የዘር መለያየትን በትምህርት ቤቶች የሻረው ፍርድ ቤት ግን የቀድሞ አገረ ገዢ፣ ሦስት የቀድሞ የአሜሪካ ሴናተሮችና የኬንታኪ ምክር ቤት አባል የነበረ ሰው ነበሩበት። በአንድ ድምፅ ነው የወሰኑት። ዛሬ ካሉት ዘጠኝ ዳኞች ስምንቱ የመጡት ከፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ነው። ፖለቲከኞቹ ከወጡ በኋላ ፍርድ ቤቱ በፓርቲ የተከፈለ ነው የሚለው ወቀሳ ቀነሰ? አልቀነሰም።

አንድ የሚቀር ጥያቄ አለ። ዳኛው ራሱ ድምፅ የሰጠበት ሕግ ፊቱ ቢቀርብስ? የአሜሪካ ልማድ፣ ለሕጉ ድምፅ መስጠት ብቻውን ዳኛን ከችሎት አያስነሳም የሚል ነው። ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሁጎ ብላክ በሴናተርነታቸው የዝቅተኛ ደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕጉን ረቂቅ ካቀረቡት ዋነኛው ነበሩ። በ1941 የሕጉ ሕገ መንግሥታዊነት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ አልተነሱም። ዛሬ ቢሆን ክርክሩ ይበረታ ነበር። በእኔ እይታ ሕግ ማውጣት የአደባባይ ሥራ ስለሆነ ስጋቱ ይቀላል፤ ድምፁ ተመዝግቧል፣ ሁሉም ያየዋል። የማይታየው ውለታ ነው የሚያሰጋው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ

ይህ ሁሉ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የዋሽንግተን አካባቢ እንይ። በአንድ ቀን በመኪና ሦስቱንም አዳርሶ መመለስ ይቻላል። ዳኞቹ ግን በሦስት መንገድ ነው የሚመጡት።

በዲሲ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የዳኛ ስም የለም። አጣሪ ኮሚሽን ሦስት ስም ያቀርባል፣ ፕሬዚዳንቱ አንዱን ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ዘመኑ 15 ዓመት ነው። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው የሰርኪዩት ኮርት፣ ማለትም የመጀመሪያ ደረጃ ጉዳዮችን የሚያየው የግዛት ፍርድ ቤት፣ ዳኞችን ስም ያገኛል። ዳኛው በመጀመሪያ በአገረ ገዢው ይሾማል፤ ከዚያ ግን በምርጫ መቅረብ አለበት፣ ሌላ ጠበቃም ሊፎካከረው ይችላል። ካሸነፈ 15 ዓመት ይቀመጣል። በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው መራጭ ደግሞ ዳኛ አይመርጥም፤ ዳኞቹን የሚመርጠው የግዛቱ ምክር ቤት ነው። ለሰርኪዩት ኮርት ስምንት ዓመት፣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት 12 ዓመት። ዘመኑ ሲያልቅ የሚያድሰውም ምክር ቤቱ ነው።

የቨርጂኒያውን ትንሽ ላብራራው፤ ከርዕሳችን ጋር በቀጥታ ይገናኛልና። ምክር ቤቱ ውስጥ ጠበቆች አሉ። እነዚህ ጠበቆች ራሳቸው የመረጡት ዳኛ ፊት ደንበኛቸውን ይዘው ሊቆሙ ይችላሉ። ሳውዝ ካሮላይናም እንዲሁ በምክር ቤት ነው የምትመርጠው፤ ስለዚህ አንድ አባል ከምክር ቤቱ ወጥቶ አንድ ዓመት ሳይሞላው ለዳኝነት እንዳይመረጥ ከልክላለች። የማቀዝቀዣ ጊዜ ነው። ጓደኛሞች ወንበር እንዳይሰጣጡ ለማድረግ የታሰበ ነው።

ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ሌላ “ዳኛ” ነው። የጥገኝነት ጉዳይ የሚያየው የኢሚግሬሽን ዳኛ ከላይ ካሉት ከማናቸውም ውስጥ አይደለም። የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው። የሚሾመው የአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነው። አልተመረጠም፣ በሴኔት አልጸደቀም፣ የዕድሜ ልክ ወንበርም የለውም። በ2025 በርካታ የኢሚግሬሽን ዳኞች ከሥራ ተሰናብተዋል። የወንበር ዋስትና የቃላት ጨዋታ አለመሆኑ የሚገባው እንዲህ ያለውን ሲያዩ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ አንባቢ በዚህ ሁሉ መደናገሩ አያስገርምም። በእኛ አገር ገዢ አስተዳዳሪም ዳኛም ሆኖ የቆየበት ዘመን ረጅም ነው። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት የፌዴራል ዳኞች በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ታይተው፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሾሙ ይደነግጋል። ለሕዝብ ድምፅ የሚቀርብ ዳኛ የለም። ስለዚህ የምናውቀው ጭንቀት ከላይ የሚመጣ ጫና ነው። ከታች፣ ከመራጩና ከገንዘብ አዋጪው የሚመጣው ጫና አዲስ ይሆንብናል።

ምርጫን የሚደግፉትም ምክንያት አላቸው

ዳኛ ለማንም ተጠያቂ ካልሆነ ማን ያርመዋል? ይህ የምርጫ ደጋፊዎች ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ጥሩ ነው። አጣሪ ኮሚሽን ሲባል ፖለቲካው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከአደባባይ ወደ ስብሰባ ክፍል ገባ እንጂ። ኮሚሽነሮቹን ማን ሾማቸው? ጠበቆቹስ ከየትኛው ድርጅት ናቸው? በ38 ግዛቶች የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች በሆነ መልኩ ለሕዝብ ድምፅ የሚቀርቡት መራጩ ይህን ሥልጣን መልቀቅ ስለማይወድ ነው። ኔቫዳ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ላስ ቬጋስ ብዙ ሀበሻ ያለባት ከተማ ናት። በ2010 ግዛቷ በብቃት ምልመላን እንድትቀበል ሐሳብ ቀርቦ ኦኮነር በግልጽ ደገፉት። መራጮቹ አልተቀበሉትም።

የማቆያ ድምፅም ቢሆን ከፖለቲካ ማዕበል አያድንም። በ2009 የአይዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት ለማቆያ ድምፅ የቀረቡት ሦስቱም ዳኞች ወደቁ። ፍርዱን የወደደም ያልወደደም ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ቀጣዩ ዳኛ ሕጉን ሊያነብ ነው ወይስ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ?

ኦኮነር ከጡረታ በኋላ ብዙውን ጊዜያቸውን ለዚህ ነገር ሰጡ። በየግዛቱ እየዞሩ ስለ ዳኞች ምርጫና ገንዘብ ተናገሩ። በ2009 ወጣቶች ስለ መንግሥት አሠራር በጨዋታ የሚማሩበት አይሲቪክስ የተባለ ድርጅት መሠረቱ። በ2018 የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው ለሕዝብ በጻፉት ደብዳቤ ገልጸው ከአደባባይ ራቁ። ዲሴምበር 1 ቀን 2023 በፊኒክስ በ93 ዓመታቸው አረፉ።

ካረፉ ከ11 ወር በኋላ እርሳቸው በሴናተርነታቸው የደገፉት ሥርዓት እዚያው አሪዞና ውስጥ ተፈተነ። በ2024 የፀደይ ወራት የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1864 የወጣው የፅንስ ማቋረጥ ክልከላ ተፈጻሚ እንዲሆን ፈርዶ ትልቅ ቁጣ ተነስቶ ነበር። ከፈረዱት ዳኞች ሁለቱ በኖቬምበር ለማቆያ ድምፅ ይቀርባሉ። የግዛቱ ምክር ቤት ደግሞ መደበኛው የማቆያ ድምፅ እንዲቀር የሚያደርግ ማሻሻያ በዚያው ቀን ለሕዝብ አቀረበ። ቢያልፍ ኖሮ ያን ቀን በዳኞቹ ላይ የተሰጠው ድምፅም ዋጋ አይኖረውም ነበር። ከአራት መራጮች ከሦስት የሚበልጡት “አይሆንም” አሉ። ሥልጣኑን ለራሳቸው አስቀሩ። ከዚያ በዚያው ወረቀት ላይ ወረድ ብለው፣ የተቆጡባቸውን ሁለቱን ዳኞች በወንበራቸው አቆዩአቸው።